ሦስት ክንድ አፈር

ዓለም ገና
ኅዳር 20 ቀን 2008 ዓ.ም.

ለኦቦ ጃራ፣ ሱሉልታ

አካም ጂርቱ፣ ኦቦ ጃራ? እማማ ተረፈችስ እንዴት ናቸው? ጉልበታቸው ተሻላቸው? እኔ ደህና ነኝ። ደህና ነኝ ስል እጅና እግሬን ማለቴ ነው።

«ረሳችን ወይ በላት» ብለው በልጅዎ በሁንዴ የላኩብኝ ደርሶኛል። አፈር ልብላልዎ፣ አልረሳሁም። ተቃውሞው ከተነሳ ወዲህ ከሰበታ የሚያስወጣው መንገድ አንድ ቀን ይከፈታል፣ ሁለት ቀን ይዘጋል። የመሥሪያ ቤታችን መኪና ከግቢ እንዳትወጣ ታዝዛለች። ሁንዴ ሚኒባሱን ይዞ በየት በየት አድርጎ እንደሚደርስ እሱ ይወቅ፤ እኔ ከደጄ እስከ ላቦራቶሪው፣ ከላቦራቶሪው እስከ ደጄ ነኝ። ስልኩም ሲሠራ እርስዎ «በስልክ እንዳታወሪኝ» ብለዋል። ስለዚህ ይኸው ወረቀት ይዣለሁ።

ለጠየቁኝ ነገር እውነቱን ልንገርዎ። አዎ፣ የሰሙት ልክ ነው። አለቃዬ አቶ የሺጥላ እስከ ጥር መጨረሻ ሪፖርት አምጪ ብሎኛል። አራት ክረምት የድንጋይ ካባው ላይ የሠራነው ሁሉ በአንድ ቃል እንዲያልቅ ነው የሚፈልገው፤ መሬቱ አገግሟል ወይም አላገገመም። አገግሟል ብዬ ከጻፍኩ ቦታው ወደ መሬት ባንክ ይገባል። ከዚያ ወዲያ ከተማውን ወደ ገጠሩ በሚያሰፋው ማስተር ፕላን ለማን እንደሚሰጥ አላውቅም፤ ለእናንተ እንደማይሰጥ ግን አውቃለሁ። አላገገመም ካልኩ ደግሞ ለምንም የማይሆን ጉድጓድ ነው ተብሎ ለከተማው ቆሻሻ መጣያ ታጭቷል። ሁለቱንም ወረቀት በዓይኔ አይቻለሁ።

ያኔ በስብሰባው ላይ «ሣር ካበቀለ ለባለቤቶቹ ይመለሳል» ያሉት ሰዎች ዛሬ ያንን ያሉ አይመስሉም። አንዱ ተዛውሯል፣ አንዱ አላስታውስም ይላል። እኔ ግን ያንን ቃል ሰምቼ ነው ደቦ ያስጠራኋችሁ። ድንጋይ ፈላጩ ድርጅት ኮረብታውን በድማሚት በልቶ ጥሎት የሄደውን ጉድጓድ፣ እናንተ አፈር በጆንያ ተሸክማችሁ ሜዳ አደረጋችሁት። አሁን እኔ በአንድ ቃል ልነጥቃችሁ ነው? የትኛውን ቃል እንደምጽፍ ጨነቀኝ፣ ኦቦ ጃራ። ሌት ተቀን የማስበው እሱን ነው።

ለጊዜው ለሌላ ሰው አይንገሩብኝ።

ልጅዎ
ሄመን


ሱሉልታ
ኅዳር 27 ቀን 2008 ዓ.ም.

ለዶክተር ሄመን፣ ዓለም ገና

ጉዳዩ፦ ጥፋት ስለማሳወቅ ይሆናል።

ሃያ ዓመት የገበሬ ማኅበር ጸሐፊ ሆኜ ኖሬ «ጉዳዩ» ሳልል ደብዳቤ መጀመር አልችልም፤ ታገሺኝ። ተረፈች ደህና ናት፤ ጉልበቷ አላስሄድ ቢላትም ምላሷ አልደከመም። ሣርሽም ደህና ነው። ሰርዶው መሬቱን ይዞታል፣ ማገጡ አበባው ረግፎ ዘር አስሯል። ላሞቹ አጥሩ ሥር ቆመው ሲያዩት ያሳዝናሉ።

አሁን ወደ ጥፋቱ። ችካሎችሽ ተነቅለዋል። አንድም አልቀረም።

እንዴት መሰለሽ፤ እሑድ ወጣቶቹ ከታች ተሰብስበው ወጡ። ከመንገዱ ማዶ ያለውን እርሻ ቀያሾች ቀይ ችካል መትተውበት ነበር፤ እሱን ነቀሉ። ከዚያ ቀና ሲሉ ካባው ላይ ያንቺው ቀይ ችካል ተደርድሮ ታያቸው። ማስተር ፕላኑ እዚህም ደርሷል አሉና እሱንም ነቃቀሉት። ቀድሞ የገባው ማን ይመስልሻል? ሁንዴ ነው። አብሮሽ መዶሻ ይዞ የተከለውን ችካል! ኋላ ስጮህበት «አባ፣ ቀይ ሳይ ሌላው ሁሉ ጠፋኝ» ይለኛል። የሠላሳ ዓመት ሰው፣ የሚኒባስ ሹፌር፣ በዚህ ዓይኑ ነው ሰው ጭኖ የሚሄደው። ጓደኛው ባይሳ ቆልሎ ሊያነደው ክብሪት ሲጭር ደርሼ ነው ያስጣልኩት። ሁሉም አሁን እኔ ጎተራ ሥር ናቸው።

ግን ምን ነካሽ ልጄ፣ ቀለም ጠፍቶ ነው ቀይ የቀባሽው? ሰማያዊ የለም? አረንጓዴ የለም?

ስለ ሪፖርቱ ያልሽኝን አንብቤ ደጋግሜ አሰብኩበት። ለማንም አልነገርኩም። አንድ ነገር ግን ልጠይቅሽ። ያ ኩሬ የነበረው፣ ጥጃ የሰመጠበት መሐል ቦታ፣ አፈሩ ወደ ታች እስከ ምን ድረስ ነው? ዶማ ሲገባ ድንጋይ ሳይነካ ምን ያህል ይሄዳል? አንድ ነገር ልተክልበት አስቤያለሁ።

ነጋቲ።

ጃራ


ዓለም ገና
ታኅሣሥ 4 ቀን 2008 ዓ.ም.

ለኦቦ ጃራ

ደብዳቤዎን ሳነብ መጀመሪያ አለቀስኩ፣ ቀጥሎ ሁንዴን ሳስበው ሳቄ መጣ። እሱም ፊቴ ቆሞ አንገቱን ደፍቶ ነበርና «አኩርፈሽኛል?» አለኝ። አላኮረፍኩም። ቀይ የቀባሁት ስቶር ውስጥ የተረፈው ቀለም ቀይ ብቻ ስለነበረ ነው። ያኔ ማንም ቀይ ችካል አይፈራም ነበር።

ነገር ግን ኦቦ ጃራ፣ ያ ችካል ከሌለ የእኔ ሥራ የለም። የትኛው ቦታ ድርጅቱ ገፍቶ የከመረውን የሞተ አፈር ብቻ እንደለበሰ፣ የትኛው ላይ ከቤተ ክርስቲያኑ ደን ያመጣነው አፈር እንደተበተነ የሚለየው በችካሉ ነው። የደኑ አፈር የገባበት ሣር ሥር ሰዶ ዓመቱን ሙሉ ቆሟል፤ ያልገባበት በበጋ ይነቀላል። ይህን ለሰው ማሳየት ካልቻልኩ ሜዳው በዘፈቀደ የበቀለ ሣር ነው፤ ያኔ ቆሻሻ መጣያ ማለት ለእነሱ ይቀላቸዋል። ስለዚህ ሁንዴን እባክህ መልሰህ ትከልልኝ ብዬዋለሁ። ያንዳንዱ ችካል ግርጌው ላይ ቁጥር አለው። ቀን ከተከለ ወጣቶቹ ከዳን ብለው ሊጣሉት ይችላሉ፤ ወደ ማታ፣ ሰው ወደየቤቱ ሲገባ ይሁን ብያለሁ።

ለጥያቄዎ፤ ሌላው ቦታ አፈሩ ክንድ አይሞላም፣ ከዚያ በታች ገረጋንቲና አለት ነው። ኩሬው የነበረበት ግን ሦስት ክንድ ነው። እኔ ራሴ ለክቼዋለሁ። ያኔ «ይበቃል» ስላችሁ «ጥጃ የበላ ጉድጓድ ጠግቦ ይተኛ» ብለው ያስሞሉት እርስዎ አይደሉም? የሚተክሉት ወይራ ከሆነ ደስ ይለዋል። ከክረምቱ በፊት ግን እንዳይተክሉ፣ ይደርቃል።

ስለ እኔም ልንገርዎ። ምን ልበልዎ? ጎረቤቴ ተስፋነሽ ከወላይታ መጥታ ፋብሪካ የምትሠራ ልጅ ናት። ፋብሪካው በሩን ከዘጋ ወዲህ ብቻዋን ማደር ስለፈራች እኔ ጋ ናት። ከደጅ የወጣቶች ድምፅ ስንሰማ እኔ በኦሮምኛ እመልሳለሁ፣ እሷ አልጋ ሥር ትገባለች። ወታደር ሲመጣ ደግሞ እሷ ወጥታ ታናግራለች፣ ያኔ እኔ ነኝ የምፈራው። በአንዲት ክፍል ውስጥ ተራ በተራ እንደበቃለን።

አቶ የሺጥላ ትናንት ቢሮ ጠርቶኝ ሪፖርቱን ራሱ ጽፎ ሰጠኝ። «አገግሟል» ብሎታል። «አንቺ ፊርማሽን ብቻ» አለኝ። ልጆች አሉኝ፣ አታስጨርሺኝ፣ ሁለታችንም እንጀራችን ነው አለኝ። ክፉ ሰው ቢሆን ይሻለኝ ነበር። እስካሁን አልፈረምኩም።

ሄመን


ሱሉልታ
ታኅሣሥ 9 ቀን 2008 ዓ.ም.

ለዶክተር ሄመን

ጉዳዩ፦ ስለ ወይራው።

ልጄ፣ ወይራ አይደለም። ዋሸሁሽ። ተናገር ካልሽኝ ደግሞ እናገራለሁ፤ ለራሴ ነው። መሐሉን ቆፍሬዋለሁ። ሦስት ክንድ ያልሽው አልተሳሳተም፣ ዶማዬ ድንጋይ ሲነካ ክንዴን ሦስት ጊዜ ለክቼ አየሁት። ጎበዝ ነሽ።

አትደንግጪ፣ ነገ እሞታለሁ አላልኩም። ሐኪሙ ልብህ አብጧል ካለኝ ቆይቷል፤ ተረፈች አታውቅም፣ አንቺም አታውቂም፣ እሺ? ሰው መሞቱ ካልቀረ ደግሞ የት እንደሚገባ ቢመርጥ ነውር የለውም።

ያ ኮረብታ የአባቴ መቃብር ነበረበት። ድማሚቱ ከነድንጋዩ ሲያነሳው ቆሜ አይቻለሁ። የቀረውን አጥንት ለቅመን በጆንያ ቤተ ክርስቲያን ወስደን ቀበርነው። አንቺ ኋላ መጥተሽ ከቤተ ክርስቲያኑ ዛፍ ሥር አፈር ካልመጣ ይህ መሬት አይነሳም ስትዪ፣ ቄሱን ለምኜ ያስፈቀድኩት እኔ ነኝ። አፈሩ ካባው ላይ ሲበተን «አባቴ ተመለሰ» ብዬ ነበር በልቤ። ትስቂብኛለሽ ብዬ አልነገርኩሽም።

አሁን አንቺን ሁለት ቃል መሐል አስገብተው አስጨነቁሽ። እኔ ሦስተኛ ቃል ላገኝልሽ ብዬ ነው። የአባቴ መቃብር አሮጌ ነበር፣ የማን እንደሆነ የሚያውቀው ጥቂት ሰው ነው፤ ለዚያ ደፈሩት። አዲስ መቃብር ግን አገር ልቅሶ የደረሰበት ነው። እዚያ ላይ ቆሻሻ የሚደፋ፣ ፎቅ የሚሠራ ሰው ከዚህ ሁሉ ሕዝብ ጋር ይጣላል። ስለዚህ አትፈርሚ፣ ጊዜ ግዢ። የኔ ልብ ከጥር በፊት ምን እንደሚያስብ አላውቅም እንጂ፣ በእኔ ቢሆን እቸኩል ነበር።

ሁንዴን አግዘኝ ብለው «አባ፣ አብደሃል» ብሎ አካፋውን ወርውሮ ሄደ። ችካሉን ግን ካንቺ ስመለስ ማታ ማታ እተክላለሁ ብሏል። ቁጥሩን ይጠይቅሽ፤ ስድስትና ዘጠኝ ይምታታበታል።

ጃራ


ዓለም ገና
ታኅሣሥ 11 ቀን 2008 ዓ.ም.

ለኦቦ ጃራ

ሁንዴ ቆሞ እየጠበቀኝ ስለሆነ አላረዝምም። ደብዳቤዎን አነበብኩ፣ ተቆጣሁ። ጉድጓዱን ዛሬውኑ ይድፈኑት! እኔ መሬት እንዲያበቅል ነው የለፋሁት፣ እርስዎ እንዲገቡበት አይደለም። የእርስዎን ሞት ይዤ የማሸንፈው ሪፖርት አልፈልግም። ለልብዎ ደግሞ ሐኪም አለ፤ መንገዱ ሲከፈት እኔ ራሴ እወስድዎታለሁ፣ ለእማማም እናገራለሁ።

ሁንዴ ምሳ አብሮን በላ። ተስፋነሽን ሲያስቃት ዋለ። ስለ ጉድጓዱ ስነግረው «ተይው ባክሽ፣ እሱ እኮ ሁላችንንም ቀብሮ ነው የሚሞተው» አለኝ። ስድስትና ዘጠኙን እንዳይምታታበት ከዘጠኙ ሥር መስመር እንዳለ አሳይቼዋለሁ።

ይድፈኑት፣ እባክዎ።

ሄመን


ሱሉልታ
ታኅሣሥ 24 ቀን 2008 ዓ.ም.

ለሄመን

እንደምን አለሽ? ይህን የሚያመጣልሽ ባይሳ ነው። ሁንዴ መኪናዋ ተበላሽታበት አልተመቸውም።

ችካሉ ከግማሽ በላይ ተተክሏል። የቀረውን ተይው፣ ሌላ ሰው አትላኪበት።

ጉድጓዱን ድፈን ላልሽኝ፣ ተደፍኗል።

ሪፖርቱን ግን አትፈርሚ። ትንሽ ቆዪ። ወደዚህም አትምጪ፣ መንገዱ ጥሩ አይደለም፤ ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚወስደው እንኳ ተዘግቶ ነበር። ተረፈች ሰላም ብላሻለች።

ጃራ


ዓለም ገና
ጥር 8 ቀን 2008 ዓ.ም.

ለኦቦ ጃራ

ማስተር ፕላኑ ቀረ ሲባል በሬዲዮ ሰማሁ። ተስፋነሽ ተቃቅፈን እንድንጨፍር ፈልጋ ነበር፤ እኔ ግን አልጨፈርኩም። ማግስቱን አቶ የሺጥላ ጋ ገባሁ። «ፕላኑ ቀርቷል እንጂ ቆሻሻው አልቀረም፣ የሚደፋበት ይፈልጋል» አለኝ። ሪፖርቱ አሁንም ጠረጴዛው ላይ ነው። አሁን ደግሞ «አላገገመም» በል ተብሏል። ቃሉን ብቻ ቀይረው መልሰው ሰጡኝ።

ኦቦ ጃራ፣ ሌላ ነገር ልጠይቅዎ። በዚህ ወር ውስጥ ሦስት መልእክት ላክሁ፣ መልስ የለም። ባይሳን ሁንዴስ ስለው ጫማውን ነው የሚያየው። የምን መኪና ነው ወር ሙሉ ጋራዥ የሚቆም? ደብዳቤዎም «ጉዳዩ» የለውም። እርስዎ እኔን ሳይሰድቡ፣ እማማን ሳያሙ አንድ ገጽ ጽፈው አያውቁም። እማማም ለገና ድፎ ሳይልኩልኝ የቀሩበት ዓመት የለም፤ ዘንድሮ ገና አለፈ።

ሁንዴ ታስሮ ከሆነ ይንገሩኝ፣ የማውቀው ጠበቃ አለ። ታሞም ከሆነ ይንገሩኝ። ደህና ከሆነ በራሱ እጅ አንድ መስመር ይጻፍልኝ። በመንገዱ ምክንያት ሁለት ጊዜ ከአየር ጤና ተመልሻለሁ፤ ሦስተኛ ልሞክር ነው። ከዝምታዎ የሚከፋ ነገር የለም።

ሄመን


ሱሉልታ
ጥር 17 ቀን 2008 ዓ.ም.

ለልጄ ለሄመን

ጉዳዩ ብዬ ጀምሬ ሦስት ወረቀት ቀደድኩ። እንዲሁ ልንገርሽ።

ሁንዴ የለም። ካንቺ በተመለሰ በሦስተኛው ቀን፣ ሊመሽ ሲል ነው። ችካሉን ታቅፎ ካባው ላይ ወጥቶ ነበር። ከታች ከመንገዱ የታጠቁ ሰዎች አዩት። ቀይ ችካል የታቀፈ ሰው ሲያዩ የሚነቅል መሰላቸው። እሱ እየተከለ ነበር። ቁም ሲሉት ሊያሳያቸው አንዱን ከፍ አደረገው ይላል ያየ ሰው። እኔ የሰማሁት ተኩሱን ነው።

ያልነገርኩሽ ላንቺ ሰግቼ ነው። «ወደ ማታ ይሁን» ብለሽ ጽፈሽልኛል። ያቺን ደብዳቤ ያን ሌሊት ምድጃ ውስጥ ከተትኳት፣ ለማንም አላሳየሁም፣ ተረፈችም አላየቻትም። አንቺም እርሻት። ለደህንነቱ ብለሽ ነው ያልሽው፤ እኔም አንብቤ ልክ ናት ብያለሁ።

በማግስቱ ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚወስደው መንገድ ተዘግቶ ሬሳ አናሳልፍም አሉን። ፀሐይ እየሄደች ነው። ቄሱ በጓሮ በኩል በእግራቸው መጥተው እዚያው ካባው ላይ ፍትሐት አደረጉለት። እኔ ለራሴ የቆፈርኩት ውስጥ አስገባነው። እኔ አጭር ነኝ፣ እሱ ረጅም ነው፤ አልበቃውም። ባይሳ ገብቶ በስተግርጌ ስንዝር ጨመረበት። አግዘኝ ብዬው እምቢ ያለኝን ጉድጓድ እሱ ገባበት፣ ልጄ።

ለአንቺ ሦስተኛ ቃል ላገኝልሽ ብዬ ነበር። ተገኘ። አንዴ ከከተማው ሰዎች መኪና ይዘው ቦታውን ሊያዩ መጡ። ሴቶቹ መቃብሩን ከበው ተቀምጠው ነበር፤ ተረፈች መሐላቸው ናት። አንዷም ከቦታዋ አልተነሳችም። ትንሽ ቆመው ተመለሱ። ኋላ ይመጡ እንደሆነ እግዜር ይወቅ። ሪፖርትሽን እንደፈለግሽ ጻፊው፣ ከእንግዲህ እኔ አልፈርድብሽም።

አንድ ነገር ግን እለምንሻለሁ። ከአጠገቡ ለእኔ የሚሆን ቦታ ለክተሽ ንገሪኝ። በስተቀኝ ይሁን በስተግራ ግድ የለኝም። ዶማ የሚገባበትን አንቺ ታውቂያለሽ።

ጃራ


ዓለም ገና
ጥር 25 ቀን 2008 ዓ.ም.

ለአባቴ ለኦቦ ጃራ፣ ለእናቴ ለእማማ ተረፈች

እግዚአብሔር ያጽናችሁ። ልቅሶ ያልደረሰ ሰው ይህን በወረቀት ማለቱ ነውር ነው፤ ግን ሌላ የለኝም። ሁለት ቀን አልተነሳሁም። ተስፋነሽ ናት ውሃ የሰጠችኝ። ደብዳቤዋን ቢያቃጥሏትም እኔ የጻፍኩትን አውቃለሁ፤ ወደ ማታ ያልኩ እኔ ነኝ፣ ቀዩን የቀባሁት እኔ ነኝ። እርሺ አይበሉኝ። እንደማልረሳው ሆኜ እንድኖር ይፍቀዱልኝ።

ሪፖርቱን ትናንት ሰጠሁ። የእነሱን ሁለቱንም ወረቀት አልፈረምኩም፣ የራሴን ጻፍኩ። የሣሩን ዓይነት፣ የአፈሩን ጥልቀት፣ ምን እንደበተንን፣ ማን እንደተሸከመ ጻፍኩ። መጨረሻው ላይ እንዲህ አልኩ፦ «ከመሐሉ ሦስት ክንድ አፈር አለ። ታኅሣሥ 15 ቀን ሁንዴ ጃራ ተቀብሮበታል። ቦታው የመቃብር ቦታ ነው።» አቶ የሺጥላ እስከ መጨረሻው አነበበው። ከዚያ የላቦራቶሪውን ቁልፍ ተቀበለኝና ከሥራ ታግደሻል አለኝ። ሪፖርቱን ግን አልቀደደውም፤ ማኅተም መትቶ ወደ ላይ ላከው። እዚያ ምን እንደሚሆን አላውቅም። ከእንግዲህ መኪናም ቢሮም የለኝም፤ የሚያግደኝ መንገዱ ብቻ ነው፣ እሱንም በእግር እሞክረዋለሁ።

አሁን የጠየቁኝን ልመልስ። የድሮውን ልኬት ሁሉ አውጥቼ አየሁት፤ ያ ኩሬ ጠባብ ነበር፣ ከአንድ ሰው በላይ አይዝም። ከሁንዴ በስተቀኝም በስተግራም አፈሩ ክንድ አይሞላም፣ ከሥሩ አለት ነው። ለእርስዎ ከሁለት ክንድ በላይ ይጎድላል። ያንን ያህል አፈር በጆንያ ተሸክሞ በደቦ ለመሙላት ስንት ክረምት እንደሚፈጅ ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቁታል። ጆንያዬን ይዤ እመጣለሁ፣ አንድ ላይ እንጀምራለን። እስኪሞላ ድረስ መሞት አይቻልም፣ ኦቦ ጃራ። ቦታ የለም።

ልጅዎ
ሄመን